በሚሺጋን የተሸነፈ ቡድን እንዴት ሻምፒዮን ይሆናል?

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «ኮሎምበስ ከገባሁ 19 ዓመቴ ነው። ኳስ ነፍሴ ነው፤ ይሄ የእነሱ ፉትቦል ግን እስካሁን አልገባኝም። ልጄ ኦሃዮ ስቴት ይማራል። ኅዳር ጽዮን ዕለት በሚሺጋን ተሸንፈው እቤት መጣና ክፍሉን ዘግቶ ተኛ። እናቱ እራት ብታቀርብለት አልቀምስም አለ። የጥምቀት ማግስት ማታ ደግሞ ሻምፒዮን ሆንን ብሎ ቤቱን በጩኸት አናጋው። ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ቡድን፣ ያውም በገዛ ሜዳው በባላንጣው የተሸነፈ፣ እንዴት የአሜሪካ ሻምፒዮን ይሆናል? ኦሪገን የሚባለው አንድም ሳይሸነፍ ከርሞ በአንድ ቀን ሽንፈት ተባረረ አሉኝ። ይሄ ፍትሕ ነው? ልጄን ስጠይቀው እያጣደፈ ይነግረኛል፤ ምኑም አይያዝልኝ።»

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ደስ ብሎኛል። እኔ እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን 11 ዓመት በረዳት አሰልጣኝነት ሠርቻለሁ። የማሠለጥነው የመስመር ተጫዋቾችን ነው። ከፊት ተደርድረው እየተገፋፉ ለሌላው መንገድ የሚከፍቱትን ግዙፍ ልጆች ማለቴ ነው። ስለዚህ ወሬዬ ወደ እነሱ ቢያደላ አይግረምዎ። የዚያ ዓመት ምሥጢርም ያለው እዚያው ነው ባይ ነኝ።

ባጭሩ ልመልስልዎ። ውድድሩ በዚያው ዓመት (2024) ተለወጠና ለተሸነፈም ቡድን በር ተከፈተ። በሩ ቢከፈትም ግን ኦሃዮ ስቴት በሚሺጋን ቀን እንደተጫወተው ቢጫወት ኖሮ በመጀመሪያው ዙር ይወጣ ነበር። ያደረገው ሌላ ነው። አጨዋወቱን ቀየረ። ዋናው ጉዳይ እሱ ስለሆነ እሱ ላይ እቆያለሁ። ዘመኑን በፈረንጆች እቆጥራለሁ፤ ወቅቱ የሚታወቀው በዚያ ስለሆነ።

መጀመሪያ ውድድሩን እንይ። እርስዎ በሚያውቁት ኳስ ሊግ አለ፣ ጥሎ ማለፍም አለ፤ ዋንጫቸው ለየብቻ ነው። የኮሌጅ ፉትቦል ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍቷቸዋል። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ እያንዳንዱ ቡድን 12 ጨዋታ ይጫወታል። በላይኛው እርከን ከ130 በላይ ቡድኖች ስላሉ ሁሉም ከሁሉም ሊጋጠም አይችልም። ስለዚህ 13 አባላት ያሉት ኮሚቴ ይቀመጥና ማን ማንን እንዳሸነፈ እያየ ደረጃ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ጥሎ ማለፍ ነው።

ከ2014 እስከ 2023 ድረስ ወደ ጥሎ ማለፉ የሚገቡት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። በእነዚያ 10 ዓመታት ሁለት ጊዜ ተሸንፎ የገባ አንድም ቡድን የለም። አንድ ሽንፈት ያስጨንቃል፤ ሁለተኛው ያበቃል። በ2024 ቁጥሩ ወደ 12 ከፍ አለ። ኦሃዮ ስቴት በ10 ድልና በ2 ሽንፈት 8ኛ ሆኖ ገባ። ይሄው ውጤት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ልጅዎ ያን ቀን የዘጋው በር እስከ ቀጣዩ ነሐሴ ባልተከፈተ ነበር።

ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ዋንጫ መብላት ግን በእነሱ አልተጀመረም። በ2007 የሉዊዚያናው ኤል ኤስ ዩ ሁለት ጊዜ ተሸንፎ፣ በሌላ የአመራረጥ ሕግ ለፍጻሜ ደርሶ ሻምፒዮን ሆኗል። በጥር 2008 በተደረገው ፍጻሜ 38 ለ 24 ያሸነፈው ማንን መሰለዎ? ኦሃዮ ስቴትን ነው። የዚህ ከተማ ሰው ያን ጊዜ የተማረረበት ነገር ከ17 ዓመት በኋላ ለራሱ መጣለት።

ስለ ኦሪገን ያነሱት ቅሬታ እውነት አለው። ኦሪገን የኮንፈረንሱን ፍጻሜ ጨምሮ 13ቱንም ጨዋታ አሸንፎ፣ እሱና ኦሃዮ ስቴት ያሉበት ቢግ ቴን የሚባለው ኮንፈረንስ (የቡድኖች ማኅበር) ሻምፒዮን ተብሎ፣ 1ኛ ደረጃ ይዞ ነው ጥሎ ማለፍ የገባው። ሽልማቱ የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወት ማለፍ ነበር። ግን ማን ጠበቀው? 8ኛ የተባለው ኦሃዮ ስቴት። በአቅሙ 8ኛ ያልሆነ ቡድን 8ኛ ቦታ ላይ ሲቀመጥ የሚጎዳው 1ኛው ነው። በዚያ ዓመት የመጀመሪያውን ዙር ዘለው ያለፉት አራቱም፣ ማለትም ኦሪገን፣ ጆርጂያ፣ ቦይዚ ስቴትና አሪዞና ስቴት፣ በሁለተኛው ዙር ወድቀዋል። የመጀመሪያዎቹ አራት ቦታዎች ለኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች ብቻ ይሰጡ ስለነበር አደላደሉ ተዛብቶ ነበር። ለቀጣዩ ዓመት ያቺ ደንብ ተነሥታለች። ስለዚህ ልክ ነዎት፤ አደላደሉ ችግር ነበረበት። ኦሪገንን በሜዳ ላይ ያሸነፈው ግን አደላደሉ አይደለም። እዚያ እንደርሳለን።

አሁን ወደ ቡድኑ። ታሪኩ የሚጀምረው በታኅሣሥ 2023 ነው። ኦሃዮ ስቴት በሚሺጋን ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት ተሸንፎ፣ ኮተን ቦውል በሚባለው የወቅቱ መዝጊያ ጨዋታ ደግሞ በሚዙሪ 14 ለ 3 ተረታ። ታችዳውን (ኳሱን እስከ ባላጋራው ሜዳ ጫፍ አድርሶ 6 ነጥብ ማግኘት) እንኳ አላገባም። በዚያ ሰሞን አብዛኞቹ ነባር ተጫዋቾች ደመወዝ ወደሚከፈልበት የባለሙያዎች ሊግ፣ ወደ ኤን ኤፍ ኤል፣ መሄድ ይችሉ ነበር። ጃክ ሶየር፣ ጄ ቲ ቱይሞሎዋው፣ ኢሜካ ኤግቡካ፣ ትሬቬዮን ሄንደርሰን፣ ዴንዘል በርክ፣ ሌሎችም። አንድ በአንድ እንመለሳለን አሉ። ደመወዝ በደጅ ቆሞ እያለ አንድ ዓመት ልጨምር ማለት ቀላል ውሳኔ አይደለም። በእርግጥ አሁን ኮሌጅም ይከፈላቸዋል። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተጫዋች በስሙና በመልኩ ገቢ ማግኘት ተፈቅዶለታል። የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ኃላፊ ሮስ ብጆርክ ለዚያ ዓመት ቡድን ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር መውጣቱን ራሳቸው ተናግረዋል። ገንዘቡን አልደብቅዎትም። ትልቅ ነገር ነው።

አዲስ የመጡም ነበሩ። ዛሬ የኮሌጅ ተጫዋች ትራንስፈር ፖርታል በሚባለው መዝገብ ስሙን አስገብቶ ትምህርት ቤት ይቀይራል። ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ዊል ሃዋርድ ከካንሳስ ስቴት መጣ። ሯጩ ኩዊንሾን ጀድኪንስ ከኦሌ ሚስ። ከኋላ የሚከላከለው ኬሌብ ዳውንስና የመስመሩ ማዕከል ሴዝ ማክላፍሊን ከአላባማ። ከፍሎሪዳ ደግሞ ገና ከሁለተኛ ደረጃ የወጣ ጀረማያ ስሚዝ የሚባል ኳስ ተቀባይ ገባ። ስሙን ይያዙልኝ። ዋናው አሰልጣኝ ራያን ዴይ በማጥቃት ጊዜ ምን ይጫወቱ የሚለውን ራሱ መወሰን ትቶ ለቺፕ ኬሊ ሰጠ። ኬሊ ይህን ሥራ የተቀበለው የዩ ሲ ኤል ኤ ዋና አሰልጣኝነቱን ትቶ ነው።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች ቶሎ ልለፋቸው። አክረንን 52 ለ 6፣ ዌስተርን ሚሺጋንን 56 ለ 0፣ ማርሻልን 49 ለ 14፣ ሚሺጋን ስቴትን 38 ለ 7፣ አይዋን 35 ለ 7። ብዙም የሚያስተምሩ አይደሉም።

ጥቅምት 12 ግን ኦሪገን ሄደው 32 ለ 31 ተሸነፉ። በአንድ ነጥብ። ሃዋርድ ኳሱን ይዞ ሮጦ መሬት ላይ ሲንሸራተት ሰዓቱ አለቀበት፤ የመጨረሻዋን ምት ለመምታት እንኳ ጊዜ አልቀረም። በዚያ ጨዋታ ከነጥቡ የባሰ ነገር ደረሰ። የግራ ታክሉ ጆሽ ሲመንስ ጉልበቱን ተጎዳና ዓመቱ አበቃለት።

ይቺን ቦታ ላስረዳዎት። ቀኝ እጁ የሆነ ኳርተርባክ ለመወርወር ሲዘጋጅ ፊቱ ወደ ቀኝ ይዞራል። ከግራ የሚመጣበትን አያይም። የግራ ታክል ሥራ ያን የማይታየውን ወገን መጠበቅ ነው። እሱ ከሌለ ኳርተርባኩ ጀርባው ክፍት ሆነ ማለት ነው። በቀጣዩ ጨዋታ ነብራስካን በሜዳቸው 21 ለ 17 እንደምንም ነው ያለፉት። ከዚያ አሰልጣኞቹ ዶኖቫን ጃክሰንን ከጎን ካለው፣ ጋርድ ከሚባለው ቦታ አንሥተው ወደ ግራ ታክል አዛወሩት። በዓመቱ አጋማሽ ላይ! እኔ ልጆቼን ከአንዱ ቦታ ወደ ጎኑ ቦታ ለማዛወር አንድ ክረምት ሙሉ ይፈጅብኛል። የእግሩ አቋም ይለወጣል፣ የሚመጣበት ሰው ዓይነት ይለወጣል፣ ርቀቱ ይለወጣል። ጃክሰን የመጀመሪያ ፈተናው ፔን ስቴት ላይ አብዱል ካርተር ነበር፤ ያ ልጅ በኋላ በኤን ኤፍ ኤል ምርጫ (ክለቦቹ የኮሌጅ ተጫዋቾችን በየተራ በሚወስዱበት) 3ኛ ሆኖ የወጣ ነው። ጃክሰን ተቸገረ፣ ግን ቆመ። 20 ለ 13 አሸነፉ።

ኅዳር ላይ ደግሞ ማክላፍሊን በልምምድ ላይ የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ። ማዕከሉ ማለት ኳሱን የሚያስነሳው፣ ለመስመሩ ማን ማንን እንደሚይዝ የሚጠራው ነው። ስለዚህ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ አምስት ሰው ካለው መስመር ሁለቱ ዋና ዋና ሰዎች ጠፍተዋል። ኢንዲያናን 38 ለ 15 ሲያሸንፉ ሰው ሁሉ ደህና ናቸው አለ። እኔ ግን መሐል ሜዳው ላይ ሲገፉ የሚከፈተው ቀዳዳ እንደ መስከረሙ እንዳልሆነ እያየሁ ሥጋት ገብቶኝ ነበር።

ያ ቀን ደረሰ። ኅዳር 30፣ 2024።

ይህን ጨዋታ ለመረዳት የቅዱስ ጊዮርጊስንና የቡናን ደርቢ ያስቡ። ከ1897 ጀምሮ የመጣ ባላንጣነት ነው። በዚያ ሳምንት የኦሃዮ ስቴት ግቢ ውስጥ «ኤም» የሚለው ፊደል ያለበት ምልክት ሁሉ በቀይ ፕላስተር ይሰረዛል። የሕንፃ ስም ላይ እንኳ። የልጅዎ ሐዘን ከየት እንደመጣ ከዚህ ይገባዎታል። በዚያ ዓመት ደግሞ ሚሺጋን ደካማ ነበር። 6 ድልና 5 ሽንፈት ይዞ ነው የመጣው። ውርርድ የሚያስይዙት ኦሃዮ ስቴት በ20 ነጥብ ገደማ ያሸንፋል ይሉ ነበር። ከ100 ሺህ በላይ ሰው ስታዲየሙን ሞልቷል።

ሚሺጋን ደካማ ነው ስል ግን አንድ ቦታ ላይ አይደለም። የመከላከያ መስመሩ መሐል ላይ ሜሰን ግራሃምና ኬኔት ግራንት የሚባሉ ሁለት ተራራዎች ነበሩ። ሁለቱም በኤን ኤፍ ኤል ምርጫ በመጀመሪያው ዙር ወጥተዋል፤ አንዱ 5ኛ፣ አንዱ 13ኛ። የኦሃዮ ስቴት መስመር የተጎዳው የት ነው? መሐሉ ላይ። ታዲያ ኦሃዮ ስቴት ቀኑን ሙሉ ኳሱን ወዴት ሮጠበት? ወደ መሐሉ።

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ነው የማዝነው። እንደ ባለሙያ አይቼ ያልገባኝ ጨዋታ ነው። በግራና በቀኝ ጀረማያ ስሚዝ፣ ኤግቡካና ካርኔል ቴት ቆመዋል። እንደነሱ ያሉ ሦስት ተቀባዮች በአንድ ቡድን ውስጥ ማየት ብርቅ ነው። እነሱን ትቶ ኳሱን ለሯጭ ሰጥቶ ወደ ሁለቱ ተራራዎች መላክ። 26 ጊዜ ሮጠው 77 ያርድ ብቻ አገኙ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል)። በአማካይ በአንድ ሩጫ ሦስት ያርድ አይሞላም። በዚህ ጨዋታ 10 ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ ነው የሚሰጥዎት፤ አራተኛውም አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን አርቆ ለመምታት ይውላል። ስለዚህ ሦስት ሦስት ያርድ አይበቃም።

ለምን እንዲህ አደረጉ? የእኔ እምነት ይሄ ነው። ባለፉት ሦስት ሽንፈቶች ሰዎች ኦሃዮ ስቴትን «ለስላሳ ናቸው» ብለው ነበር። ሚሺጋን በጉልበት ነበር የሚረታቸው። ስለዚህ በዚያ ቀን በጉልበት እንደሚችሉ ማሳየት ፈለጉ። ጨዋታውን ከማሸነፍ ይልቅ ሌላ ነገር ለማስመስከር ወጡ። የትኛውም አሰልጣኝ ይህ ስሜት ይገባዋል። እኔም በአንድ ወቅት ባለፈው ዓመት ገፍቶ የጣለንን ቡድን በዚያው በግፊያው ልበቀለው ብዬ ልጆቼን ለሽንፈት ዳርጌያለሁ።

ዝርዝሩን ባጭሩ። ሃዋርድ በራሱ ሜዳ ጫፍ አካባቢ ኳስ ተነጠቀና ሚሺጋን በቀላሉ ታችዳውን አገባ። ከእረፍት በፊት ስሚዝ አግብቶ 10 ለ 10 ሆኑ። ከእረፍት በኋላ የኦሃዮ ስቴት ነጥብ ዜሮ ነው። መቺው ጄደን ፊልዲንግ ሁለት ፊልድ ጎል (ኳሱን በእግር መትቶ በቋሚዎቹ መሐል በማሳለፍ የሚገኝ 3 ነጥብ) ሳተ። የዚህንም ልጅ ስም ይያዙልኝ። ሃዋርድ ሚሺጋን ጎል አፋፍ ላይ ሁለተኛ ኳስ ተነጠቀ። በመጨረሻ 45 ሰከንድ ሲቀር የሚሺጋኑ ዶሚኒክ ዝቫዳ 21 ያርድ ላይ ሆኖ መታና አለቀ። 13 ለ 10። ሚሺጋኖች ባንዲራቸውን መሐል ሜዳ ሊተክሉ ሲሉ ድብድብ ተነሣ፤ ፖሊስ በርበሬ እስከ መርጨት ደረሰ። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች 100 ሺህ 100 ሺህ ዶላር ተቀጡ። ለራያን ዴይ በሚሺጋን የተሸነፈበት አራተኛ ተከታታይ ዓመት ነው። ይባረር የሚለው ድምፅ በዚህ ከተማ ምን ያህል እንደነበር እርስዎም ሰምተውት ይሆናል።

አሁን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሚሺጋንን ቢያሸንፉ ኖሮ ከሳምንት በኋላ ኢንዲያናፖሊስ ሄደው ከኦሪገን ጋር ለኮንፈረንሱ ዋንጫ ይጋጠሙ ነበር። ስለተሸነፉ ቀሩ። የሦስት ሳምንት እረፍት አገኙ። በዚያ ጊዜ ተጫዋቾችና አሰልጣኞች ተሰብስበው በግልጽ ተነጋገሩ። በኋላ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ስለዚያ ስብሰባ አውርተዋል፤ የታመቀው ሁሉ ወጣ ይላሉ። እኔ ስብሰባው ብቻውን ዋንጫ አመጣ አልልም። የተለወጠውን ግን በሜዳ ላይ አየሁት።

ታኅሣሥ 21፣ በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር፣ ቴነሲ በብርድ ኮሎምበስ መጣ። ኦሃዮ ስቴት ከመጀመሪያው ኳስ ጀምሮ ወረወረ። ስሚዝን ፈለጉት። በመጀመሪያው ሩብ 21 ለ 0። የሚገርመው ደግሞ ሩጫውም ተከፈተላቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ተከላካዮቹ ሰፍተው ተቀባዮቹን መጠበቅ ሲጀምሩ መሐሉ ላይ ሰው ይሳሳል። ያን ጊዜ የተጎዳው መስመር እንኳ ቀዳዳ መክፈት ይችላል። ሄንደርሰንና ጀድኪንስ ሁለት ሁለት ታችዳውን አገቡ። 42 ለ 17 አለቀ። መስመሩ በሦስት ሳምንት ውስጥ ግዙፍ አልሆነም። ያው ሰዎች ናቸው። ከፊታቸው የሚቆመው ሰው ቁጥር ግን ቀነሰላቸው። ለእኔ የዓመቱ ትምህርት ይሄ ነው፤ ልጆቼንም ከዚያ ወዲህ በቪዲዮ ያሳየኋቸው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ዙር በፈረንጆች አዲስ ዓመት ቀን፣ ፓሳዲና፣ ሮዝ ቦውል ስታዲየም። ኦሪገን። በጥቅምት በአንድ ነጥብ ያሸነፋቸው። ገና እረፍት ሳይደርስ 34 ለ 0 ሆነ! እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ ነበር የማየው። ስሚዝ ሰባት ኳስ ተቀብሎ 187 ያርድና ሁለት ታችዳውን አገኘ። ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው። ሄንደርሰን 66 ያርድ ሮጦ አገባ። የመከላከያው ክፍል የኦሪገንን ኳርተርባክ ስምንት ጊዜ ከነኳሱ ጣለው። የመጨረሻው ውጤት 41 ለ 21። ኦሪገን ተበደለ ወይ ላሉኝ መልሴ ይሄ ጨዋታ ነው። በዚያ ቀን የተበደለ ቡድን አላየሁም፤ የተበለጠ ቡድን ነው ያየሁት።

ጥር 10፣ ግማሽ ፍጻሜ፣ ቴክሳስ። ይህ ሌላ ዓይነት ነው። ቴክሳስ ብልህ ነበር፤ ስሚዝን አንቆ ያዘው። አንድ ኳስ ብቻ ነው የተቀበለው፣ ሦስት ያርድ። ስለዚህ መከላከያው ማዳን ነበረበት። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ ከሁሉ ያነሰ ነጥብ የገባበት እሱ ነው፤ በአማካይ በጨዋታ 13 አይሞላም። 21 ለ 14 እየመሩ ቴክሳስ አንድ ያርድ ላይ ደረሰ። አንዲት እርምጃ። ኦሃዮ ስቴት ገፍቶ መለሰው። በአራተኛው ሙከራ ጃክ ሶየር ኳርተርባኩን ኩዊን ዩወርስን መትቶ ኳሱን አስጣለውና ራሱ አንሥቶ 83 ያርድ ሮጦ አገባው። ዩወርስ ቀደም ሲል ኦሃዮ ስቴት ተማሪ እያለ ከሶየር ጋር አንድ ክፍል ይኖሩ ነበር። ሶየር ደግሞ የኮሎምበስ አካባቢ ልጅ ነው፤ ወደ ኤን ኤፍ ኤል አልሄድም ብለው ከቀሩት አንዱ። 28 ለ 14።

እና ፍጻሜው፦ ጥር 20፣ አትላንታ፣ የጥምቀት ማግስት። ኖትር ዳም። አሰልጣኛቸው ማርከስ ፍሪማን ራሱ የቀድሞ የኦሃዮ ስቴት ተጫዋች ነው። መጀመሪያ ኳስ የያዘው ኖትር ዳም 18 ጊዜ ተጫውቶ፣ ሰዓት እየበላ፣ አገባ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚሺጋን ቀን ትዝ አለው። ኦሃዮ ስቴት ግን ቀጥለው ያገኟቸውን አራት ኳሶች አራቱንም ታችዳውን አደረጉ። ሃዋርድ የመጀመሪያዎቹን 13 ውርወራዎች አንድም አልሳተም። በሚሺጋን ቀን ሁለት ጊዜ የተነጠቀው ያው ልጅ። ጀድኪንስ 11 ጊዜ ሮጦ 100 ያርድ አገኘ፤ አንዷ ብቻዋን 70 ያርድ ናት። 31 ለ 7 መሩ።

ከዚያ ኖትር ዳም ተነሣ። ታችዳውን፣ በላዩ ሁለት ነጥብ፤ እንደገና ታችዳውን፣ በላዩ ሁለት ነጥብ። 31 ለ 23፣ ከአራት ደቂቃ ትንሽ በላይ ቀርቷል። ኦሃዮ ስቴት ኳሱን ያዘ፤ ሰዓቱን መግደል አለበት። ሦስተኛ ሙከራ፣ 11 ያርድ ይቀራል። በዚህ ቦታ አብዛኛው አሰልጣኝ ይሮጣል። ሮጦ ሰዓት ያሳልፋል፣ ኳሱን አርቆ ይመታል፣ መከላከያዬ ያድነኛል ይላል። ኅዳር 30 የነበረው ኦሃዮ ስቴት በእርግጠኝነት ይሮጥ ነበር።

ወረወሩ። ኖትር ዳም ሃዋርድን ለመያዝ ሰው ሁሉ ልኮ ስሚዝን ለአንድ ሰው ትቶት ነበር። ሃዋርድ አርቆ ለቀቀለት፣ ስሚዝ ያዘው፣ 56 ያርድ። በዚያች ኳስ ነው ዋንጫው የተበላው። ከጥቂት ሙከራ በኋላ፣ 26 ሰከንድ ሲቀር፣ የ33 ያርድ ፊልድ ጎል አስፈለጋቸው። ለመምታት የገባው ጄደን ፊልዲንግ ነው። በሚሺጋን ቀን ሁለት የሳተው። አገባት። 34 ለ 23።

ከዚያ ቡድን 14 ተጫዋቾች በሚያዝያው የኤን ኤፍ ኤል ምርጫ ተወስደዋል። ጉልበቱ ተጎድቶ ዓመቱን ያላጠናቀቀው ሲመንስ በመጀመሪያው ዙር ወጣ። ቦታ ቀይሮ የሸፈነለት ጃክሰንም በመጀመሪያው ዙር። ይሄኛው በተለይ ልቤን ደስ አሰኝቶታል። ቺፕ ኬሊም፣ የመከላከያው አሰልጣኝ ጂም ኖልስም በዚያው ሰሞን ወደ ሌላ ሥራ ሄደዋል።

ጋሼ፣ ልጅዎ እያጣደፈ ቢያወራ አይፍረዱበት። በዚህ ሁለት ወር ውስጥ የሆነው ነገር ለሚወደው ሰው በቀስታ አይወራም። ቅዳሜ ዕለት ቡና ሲፈላ አጠገብዎ ያስቀምጡትና «በፍጻሜው ያቺን ሦስተኛ ሙከራ ለምን ወረወሩ? ለምን አልሮጡም?» ብለው ይጠይቁት። ስልኩን አውጥቶ ያሳይዎታል። ሲያሳይዎ ስሚዝን አይዩ፤ መጀመሪያ በግራ በኩል ቁጥር 74 የለበሰውን ዶኖቫን ጃክሰንን ይዩልኝ።